በባሌ ደጋ ለሚነግድ ሰው አሮጌ ስቴሽን ዋገን ስለ መግዛትና ስለ ማሠራት

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ለዚህም ማናቸውም አውቶሞቢል ይበቃል። ነገር ግን በሮቤ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ የሚመላለሰው ወደ ጎባ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ስኳርና ሳሙና ጭኖ ወደ አጋርፋ ይሄዳል፤ ሌላ ቀን በዲንሾና በአዳባ አድርጎ ሻሸመኔ ይደርሳል፤ የቡናውና የማሩ ወራት ሲመጣ ደግሞ ከጎባ ወጥቶ የሳነቴን አምባ በመሻገር ወደ ደሎ መና ይወርዳል። በበዓልና በለቅሶ ጊዜ ያው መኪና ቤተ ሰቡን ይዞ ዘመድ ቤት መድረስ አለበት። ለዚህ ሁሉ አገልግሎት አይሱዙ መግዛት ከባድ ወጪ ነው፤ ተራው የቤት አውቶሞቢልም ከበስተኋላው ጠባብ ስለ ሆነ ጥቂት ካርቶን እንደ ጫኑበት ይሞላል። በሁለቱ መካከል ያለው ስቴሽን ዋገን ነው፤ ይኸውም ጣራው እስከ ኋላ የተዘረጋ፣ ከበስተኋላው በር ያለው፣ የኋላ መቀመጫው ሲታጠፍ እንደ ዕቃ ቤት የሚያገለግል መኪና ማለት ነው።

የዛሬው ትምህርታችን ይህን ዐይነት መኪና፣ ያውም አሮጌውን፣ በመጠነኛ ዋጋ እንዴት ማግኘት ወይም ማሠራት እንደሚቻል ነው። አሮጌውን የመረጥነው አዲሱን ንቀን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ዕድሜያቸው በገፋ መጠን ከባድ ታክስ ስለ ጫነባቸው፣ ያገለገለ መኪና ከውጭ አስመጥቶ መሸጥ ያን ጊዜ ተዳከመ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ከዶላር አንጻር የነበረው ዋጋ እጅግ ወረደ። ከዚህ የተነሣ በአጥር ጥግ ቆሞ ዶሮ ያድርበት የነበረው መኪና ባለቤቱ ዋጋ ሲጠየቅ የሚኮራበት ንብረት ሆነ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ በደጋ ኀይሉ አይቀንስም፤ ለሮቤና ለጎባ ምልልስም መልካም ነው። ሆኖም ባትሪ የሚሞላበት ስፍራ በባሌ መንገዶች ላይ እስኪበዛ ድረስ፣ ወደ ጊኒርና ወደ ደሎ መና ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ በቤንዚንና በናፍጣ መኪና መሥራቱን ሊተው አይችልም።

እንግዲህ የትኛውን ይፈልግ? በአገራችን ከሚገኙት አሮጌዎች መካከል ለዚህ ሥራ የሚታሰቡት በመጀመሪያ የፔጆ 404 እና የፔጆ 504 ስቴሽን ዋገኖች፣ ቀጥሎም ረጅሙ ላንድሮቨር፣ ከዚያም ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ስቴሽን ናቸው። ፔጆ 404 ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፣ በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አሸንፏል፤ ለክፉ መንገድ የተፈጠረ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክርለት የለም። የ504 ስቴሽን ዋገን በ1971 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሲሆን፣ ከኋላ ወፍራም ድፍን አክሰልና በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት የሞላ ምንጮች አሉት፤ ስለዚህ ሲጫን ጀርባው አይሰበርም። ላንድሮቨር በጭቃ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ግን ቤንዚን ይጠጣል፣ መንገደኛውንም ያንገላታል። ኮሮላ ዲኤክስ ከሁሉ ትንሽ ነው። የስቴሽኑ የኋላ እግር በባሌስትራ የቆመ በመሆኑ ከወንድሙ ከቤቱ አውቶሞቢል ይልቅ ጭነት ይችላል፤ መለዋወጫውም ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር ከተማ ድረስ ይገኛል። የ404ን ውበት የሚወድ ሰው ቅር ቢለውም፣ ከሮቤ ወደ ቆላ ለማይወርድ ባለ ሱቅ እኛ የምንመክረው ይህን ኮሮላ ነው።

በዚህ ላይ የሐረርን ምሳሌ ልናነሣ እንወዳለን። ሐረርን የጎበኘ ሰው ሁሉ ፔጆ 404 ታክሲዎቿን ያስታውሳል። ፋብሪካው በፈረንሳይ አገር ይህን መኪና መሥራቱን ካቆመ ከ1975 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ሐረር ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ስትገለገልበት ኖራለች። በእኛ አስተያየት ምክንያቱ የመኪናው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ብዙ አንድ ዐይነት መኪና በአንድ ከተማ ስለ ተሰበሰበ ነው። የሞተው መኪና ሥጋ ለሕያዋኑ መለዋወጫ ይሆናል፤ መካኒኩ አንዱን ሞተር መቶ ጊዜ ፈትቶ ስለ ገጠመ ዐይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል፤ ልጁም ከአጠገቡ ቆሞ ይማራል። በሮቤና በጎባ ያሉ ነጋዴዎች እያንዳንዱ በየምርጫው ልዩ ልዩ መኪና ከሚገዛ ይልቅ፣ አምስትና ስድስት ሆነው አንድ ዐይነት ቢገዙ አንድ ባለ መለዋወጫ ሱቅ ዕቃውን በድፍረት ሊያከማችላቸው ይችላል። ይህን ቁም ነገር ከመኪናው ምርጫ እኩል እንዲያስቡበት አንባብያንን እናሳስባለን።

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። አዲስ አበባ ላይ እንደ ልቡ የሚሮጥ መኪና በባሌ ተራራ ላይ ሲያለከልክ የሚታየው አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ እሳቱ ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከኀይሉ አንድ ዐሥረኛ ያህል እንደሚያጣ የታወቀ ነው። ሮቤ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሞተሩ በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ኀይል አንድ አራተኛ ያህሉ በዚያ የለም። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ ከዐሥር ፈረስ ጉልበት የሚቀረው ስድስት ያህል ነው። የ404ን 1,618 ሲሲ ሞተር ተመልክቶ «ይበቃኛል» የሚል ገዢ ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ያስላ። ሰባት ሰውና ሁለት ኩንታል ጭኖ የሳነቴን ዳገት እወጣለሁ ቢል መኪናው በአንደኛ ማርሽ ሲጓተት ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። ጥፋቱም የመኪናው አይደለም።

ኀይሉ መቅረቱ የማይቀር ቢሆንም ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል። ካርቡሬተር የሚለካው ቤንዚኑን ለወፍራም አየር ነው፤ በደጋ ግን ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል። ምልክቱ ካንዴላው ሲፈታ በጥቁር ጥላሸት ተሸፍኖ መገኘቱና ነዳጁ ያለ ምክንያት መብዛቱ ነው። መድኃኒቱ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ዋናውን ቀዳዳ ጠበብ ባለው መለወጥና የካንዴላውን እሳት ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲነሣ ማስተካከል ነው። ሁልጊዜ በደጋ የሚኖር መኪና ይህን ካደረገ በየወሩ የሚያድነው ቤንዚን የመካኒኩን ዋጋ ይመልሳል። ወደ ቆላ የሚወርደው ግን ይጠንቀቅ፤ ለደጋ የተስተካከለ እሳት በቆላ ሙቀት ሞተሩን ያስመታዋል። ተርቦ የሌለው ዲዜልም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም፤ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሲተፋ የሚታየው የሚያቃጥለው አየር አጥቶ ነው።

ውሃም እንዲሁ ጠባዩን ይለውጣል። በሮቤ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በሳነቴ ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ ካረጀና እንፋሎቱን አፍኖ መያዝ ካቃተው መኪናው ገና ሳይሞቅ ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ትንሽ ብር የሚያወጣ ክዳን ቸል በመባሉ ቴስታታ ይጣመማል። በሌላ በኩል ሳነቴ ሌሊት ውሃ የሚረጋበት አገር ስለ ሆነ በራዲያተሩ የበረዶ መከላከያ ፈሳሽ መጨመር ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከሳነቴ ወደ ሪራና በሐረና ደን ውስጥ ወደ ደሎ መና ሲወረድ መንገዱ ደጋውን ትቶ ቆላ ይገባል። በዚህ ቁልቁለት እግሩን ከፍሬን የማያነሣ ሾፌር ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይልሳል፤ ፈሳሹ ከፈላ መርገጫው እስከ ወለል ይገባል። ከአሮጌዎቹ መኪናዎች አንዳንዶቹ፣ ላንድሮቨርን ጨምሮ፣ ፍሬናቸው የድሮው የከበሮ ዐይነት ነው፤ ይህም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ በዳገት የወጣበትን ማርሽ ይዞ መውረድ የቀድሞ ሾፌሮች ልማድ እንደ ነበረ ዛሬም ሊሆን ይገባል። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ከቀለሙና ከመቀመጫው ልብስ በፊት ገንዘቡን በፍሬኑ ላይ ያውል፤ ጎሚኒዎቹን ሁሉ፣ ሸራውን፣ ፈሳሹን፣ ቱቦዎቹንም ጭምር ያስለውጥ።

ስለ ምርመራ ጥቂት እንናገር። ባሌ የፈረስ አገር ነው፤ ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳይከፍት፣ ሰኮናውን ሳያነሣ ገንዘብ እንደማይቆጥር ለዚያ አገር ሰው መንገር አያሻም። ለመኪና ጥርሱ ሻንሲው፣ ሰኮናው ወለሉ ነው። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን፣ ተንበርክኮ ከበሮቹ ሥር ያለውን ላሜራ፣ የኋላውን በር ማጠፊያ ይመልከት። ስቴሽን ዋገን ከሁሉ አስቀድሞ የሚበሰብሰው ከኋላው በር ሥር ነው፤ ውሃ በላስቲኩ ሾልኮ እዚያ ይተኛልና። ቀለሙ አዲስ የሆነ መኪና ባየ ጊዜ ከደስታው በፊት ጥርጣሬው ይቅደም። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በላሜራው ላይ ቢያስኬድ፣ ማግኔቱ ከማይዝበት ስፍራ ብረት ሳይሆን ስቱኮ አለ። (በላንድሮቨር ላይ ይህ ምርመራ አይሠራም፤ ገላው አልሙኒየም ነውና።) ሞተሩን ሻጩ አሙቆ ሳይጠብቀው በማለዳ ራሱ ያስነሣው፤ የሮቤ ማለዳ ቅዝቃዜ ለዚህ ፈተና ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል። ሰማያዊ ጭስ ፋሻው ማለቁን፣ ሳይቋረጥ የሚወጣ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ያመለክታል።

የኋላውን መስተዋት ለብቻው የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የስቴሽን ዋገን ሞተር፣ ካምቢዮና የፊት እግር ከቤቱ አውቶሞቢል ጋር አንድ ስለሚሆን ዕቃው ይገኛል። የኋላው መስተዋት፣ የኋላው በር፣ የኋላው ምንጭ ግን የስቴሽኑ ብቻ ናቸው። መስተዋቱ የተሰበረ መኪና በግማሽ ዋጋ ቢሰጥ እንኳ፣ ልኩ የሆነ መስተዋት መኖሩ ሳይረጋገጥ መውሰድ አይገባም።

የተዘጋጀ ስቴሽን ዋገን ያላገኘ ሰው «አሠራዋለሁ» ይላል። ይህ አሳብ መልካምም መጥፎም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየውም አንድ ነገር ነው። መኪናዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ሻንሲው ለብቻው የቆመ፣ ገላው ከላዩ በብሎን የታሰረ ነው፤ ሁለተኛው ወገን ገላው ራሱ ሻንሲ የሆነ ነው። ላንድሮቨርና የጭነት ላንድክሩዘር ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ፔጆ 404፣ 504ና ኮሮላ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። በሁለተኛው ወገን ጣራው እንደ ጎጆ ምሰሶ ሸክም ይይዛል፤ የቤት አውቶሞቢልን ጣራ ቆርጦ ስቴሽን ለማድረግ መሞከር ማለት ቤቱን ምሰሶውን ነቅሎ ማስፋት ነው። ከዚህም በላይ ፋብሪካው የ404ን ስቴሽን የሠራው ርዝመቱን ለውጦ ነው፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በቤቱ አውቶሞቢል 265 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በስቴሽኑ 284 ነው። በ504 ከ274 ወደ 290 ከፍ ብሏል። ይህን 16ና 19 ሳንቲ ሜትር በብየዳ ለመጨመር የሚስማማ መካኒክ ቢገኝ ከእርሱ መሸሽ ነው።

ከመጀመሪያው ወገን ግን ደህና ሥራ ሊወጣ ይችላል። ረጅሙ ላንድሮቨር ለጭነትም ለስቴሽንም አንዱኑ 277 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ያለው ሻንሲ ስለሚጠቀም፣ ገላው ቁርጥራጭ ሆኖ በብሎን የሚፈታና የሚገጠም በመሆኑ፣ ከወደቀ ላንድሮቨር ላይ ጣራውንና የጎን መስኮቶቹን አንሥቶ ጤናማ ሞተርና ሻንሲ ባለው ጭነት መኪና ላይ መትከል ይቻላል። ሻንሲው ብረት ስለ ሆነ እርሱ ራሱ እንዳይበሰብስ መመርመር አለበት። አልሙኒየሙ በተራው የብረት ብየዳ አይያያዝምና በሪቬት ይታሰራል፤ አልሙኒየምና ብረት በእርጥበት ሲነካኩ አልሙኒየሙን ስለሚበላው በመካከላቸው ቀለም ወይም ላስቲክ ይግባ። መቀመጫ ሲጨመር በላሜራው ላይ ብቻ ሳይሆን እስከ ሻንሲው በሚዘልቅ ብሎን ይታሰር። ፖርቶመጋላ የሚፈልግ ሰው ክብደቱን ከላይ ባከማቸ መጠን በጠመዝማዛ መንገድ መኪናው ለመገልበጥ እንደሚቀርብ አይርሳ። የነዳጅ ጋኑ ባለበት አጠገብ ብየዳ ከመጀመሩ በፊትም ጋኑ ተፈትቶ ይውጣ።

ሠራተኛውስ ይገኛል ወይ? ባሌ ስንዴና ገብስ በኮምባይነር የሚያጭድ አገር ነው፤ ኮምባይነር ጠግኖ ያደገ በያጅና መካኒክ ላሜራና ቀበቶ፣ ኩሽኔታና ሻንሲ አያስደነግጡትም። ግን ያው ሰው በአጨዳው ወራት ከማሳ ማሳ ሲሮጥ ስለሚከርም መኪና ጋራዥ አስገብቶ ማቆም በዚያ ጊዜ አይገባም። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያጭዳል፤ በሁለቱ አጨዳ መካከል ያለው ጊዜ ለባለ መኪናው የተሻለ ዋጋና የበለጠ ትዕግሥት ያስገኝለታል።

መቁረጫው ላሜራውን ከመንካቱ በፊት ግን አንድ ደጃፍ መድረስ አለ፤ እርሱም የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። በሊብሬው ላይ «የጭነት» ተብሎ የተመዘገበ መኪና የሰው መቀመጫ ጨምሮ ቢገኝ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ቦሎ ይከለከላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን አደጋ በደረሰ ቀን የመድን ድርጅቱ «እኔ ያሰርኩት ይህን መኪና አይደለም» ሊል መቻሉ ነው። ስለዚህ የአሳቡን ዝርዝር በጽሑፍ አቅርቦ ፈቃድ ማግኘት፣ ሥራው ሲያልቅ አስመርምሮ ሊብሬውን ማስለወጥ ያስፈልጋል።

ለአስመጪዎች ደግሞ ይህ ሁሉ የገበያ ወሬ ነው። ሙሉ መኪና የማስገባቱ በር ሲጠብ የመለዋወጫው በር ይሰፋል። የፔጆ ቅርስ ድርጅት የሆነው ላቫንቱር ፔጆ ለቀድሞ መኪናዎች ዕቃ ይሸጣል፤ 504 በኬንያና በናይጄሪያ ከፈረንሳይ በኋላም ለብዙ ዓመታት ይገጣጠም ስለ ነበረ በእነዚያ አገሮችም ዕቃውን ማፈላለግ ይቻላል። ዕቃ የሚያዝ ሰው «የ404 ፍሬን» ብሎ ብቻ አይጻፍ፤ የተሠራበትን ዓመት፣ የሻንሲውን ቁጥር፣ ስቴሽን መሆኑን ጭምር ይግለጽ፤ አለዚያ ጉምሩክ ከፍሎ ያወጣው ሣጥን የማይገጥም ብረት ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ የሚታዘዙትም የሚያብረቀርቁት ጌጦች ሳይሆኑ የፍሬን ጎሚኒ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የፍሪሲዮን ሸራና የበር ላስቲክ ናቸው።

ስለ ገንዘቡ የእኛ አሳብ እንዲህ ነው። ገዢው በእጁ ያለውን በሦስት ቢከፍለው፣ ሁለቱን እጅ ለመኪናው አውጥቶ አንዱን እጅ ለጥገናው ያስቀር። ሦስቱንም እጅ ለመኪናው ያወጣ ሰው መኪና አለው እንጂ የሚሄድበት የለውም። በሁለት እጅ የሚገኘው መኪና ካላማረው፣ በሦስቱ እጅ የሚያምረውን ከመግዛት በትንሹ ተወስኖ ኮሮላውን ቢይዝ ይሻላል።

ውል ከመፈረሙ በፊት የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር በአካል ይነጻጸር፤ መኪናው በቀረጥ ነፃ የገባ እንደ ሆነና የዕዳ እግድ እንዳለበት ይጠየቅ፤ ውሉም በውልና ማስረጃ ይመዝገብ። ከዋጋው ጥቂት ለመጨረሻው ፈተና በስምምነት ይቆይ። ፈተናው የሚደረገው ሜዳ ላይ አይደለም። ገዢው ዘወትር የሚጭነውን ያህል ጭኖ፣ መካኒኩን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ከጎባ ወደ ሳነቴ ይውጣ፤ አምባው ላይ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ የውሃውን ሙቀትና የዘይቱን መብራት ይመልከት፤ ከዚያም በማርሽ ይውረድ። ጎባ ሲደርስ በየቸርኬው አጠገብ እጁን አስጠግቶ ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ መሆኑን ይመርምር። ሙቀታቸው ከተካከለ፣ የፍሬኑም መርገጫ እንደ ጧቱ ጠንካራ ሆኖ ካገኘው የቀረውን ሒሳብ ይክፈል።